የመስኮቱ በኩል

የጥርስ ሐኪሙ መኪናዋን ከገዛ ወዲህ ቁጭ ብሎ የጨረሰው ሻይ የለም። ስኒውን ያነሳል፣ አንዴ ፉት ይላል፣ ከዚያ ከውጭ የሆነ ድምፅ ይሰማል፤ በር ሲዘጋ፣ ልጅ ሲስቅ፣ ኳስ ሲነጥር። ስኒውን አስቀምጦ ይወጣል። መኪናዋ እንዳስቀመጣት ናት፤ ጥቁር፣ ሰፊ፣ ደረቷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው፣ ቆማም የምትሮጥ የምትመስል። አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ይዞራታል። ጎንበስ ብሎ የጎማዋን ጠርዝ ይመረምራል። የሌለ አቧራ በእጅጌው ይጠርጋል። ሲመለስ ሻዩ ቀዝቅዟል።

ሲመሽ በልኳ በተሰፋ ሽፋን ሸፍኗት ይገባል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ከሽፋኑ ሥር እንዴት እንደሆነች ለማየት ይወጣል።

«አንተ ሰውዬ፣» አለችው ሚስቱ አንድ ቀን በረንዳው ላይ ቆማ፣ «እኔን ስታጨኝ እንኳ እንዲህ አልተመላለስክም።»

«አንቺን ማን ይጭርብኛል ብዬ?»

«ሞካሪ የጠፋ መሰለህ?»

ሚስቱ መኪናዋን በስሟ ጠርታት አታውቅም። «ጣውንቴ» ነው የምትላት። «ጣውንቴ ዛሬ ነዳጅ ጠጣች?» «ጣውንቴን ዛፍ ሥር አታቁማት፣ ወፍ ያዋርድብሃል።» ሲጀመር ቀልድ ብቻ ነበር። እያደር ግን ቀልዱ ውስጥ ትንሽ የኮመጠጠ ነገር ገባበት። መኪናዋ ሁለት ወንበር ብቻ ነው ያላት፤ እነሱ ደግሞ ከልጃቸው ጋር ሦስት ናቸው። በእረፍት ቀን ሽርሽር የሚወጡት በተራ ሆነ። መጀመሪያ ልጅቱን አዙሮ ይመልሳታል፣ ቀጥሎ እናቷን ይወስዳል፣ በር ላይ የቀረችው ለተመለሰችው እጇን ታውለበልባለች። «ትኬት መቁረጥ ብቻ ነው የቀረን» ትላለች ሚስቱ። አሮጌዋን የቤት መኪና አውጥተው ሦስቱም አንድ ላይ እንዳይሄዱ ደግሞ እሱ ጥቁሯን ብቻዋን ትቶ መሄድ አይሆንለትም።

ሲገዛት ያሰበው እንዲህ አልነበረም። ነገሩን ለራሱም አስረድቶት አያውቅ እንጂ፣ ሐኪሙ ሰው አፍ ውስጥ የሚኖር ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያየው ከመዳፉ የማይበልጥ፣ እርጥብና ጨለማ ቦታ ነው። ጎንበስ ብሎ፣ ትንፋሹን ቆጥቦ፣ በአንድ ጥርስና በሌላው ጥርስ መካከል ባለች ስንጥቅ ሲሠራ ይውላል። ሲመሽ አንገቱ ቀና አልል ይለዋል፤ ማጅራቱ የእሱ አይመስለውም። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት እግሩን ለማፍታታት ወጥቶ ሲሄድ መስታወት ብቻ በሆነ ሕንፃ ፊት ቆመ። የውስጡ ወለል እንደ ረጋ ውሃ ያብለጨልጫል። መሐሉ ላይ እንደ እሷ ያለች አንዲት ቆማለች። ለማየት ብቻ ነው ብሎ ገባ።

ሻጩ ሽቶው ከፊቱ የሚቀድም ወጣት ነበር። ሐኪሙ መጀመሪያ ያየው ጥርሱን ነው። ሰው ሁሉ ለእሱ መጀመሪያ ጥርስ ነው፤ ሰው የሚሆነው ቀጥሎ ነው። የላይኛው የፊት ጥርሱ ጥግ ላይ ትንሽ ተሸርፏል፣ ወጣቱ ሲስቅ በከንፈሩ ይሸፍነዋል።

«ይቀመጡባት» አለ ሻጩ።

«ለማየት ነው የመጣሁት።»

«እሷ ደግሞ ከውስጥ ነው የምትታየው።»

ተቀመጠ። መቀመጥ ሳይሆን መውረድ ነበር፤ ወንበሩ ተቀበለውና ጎንና ጎኑን ያዘው። ሻጩ እጁን አስገብቶ ሞተሯን ሲያስነሳት ድምፁ የመጣው ከኋላ ነው፤ ሞተሯ ከወንበሩ ጀርባ ነው ያለው። ድምፁ በአከርካሪው ወጣና የደነዘዘው ማጅራቱ ውስጥ ገባ። የማደንዘዣን ነገር የሚያውቅ ሰው ነው፤ ድንዛዜ ሲለቅ ታካሚው ፊት ላይ የምትታየውን ነገር ስንቴ አይቷታል። አሁን በራሱ ላይ ሆነች።

«ምን ያህል ትሮጣለች?» ብሎ ጠየቀ፣ ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነበት።

«መንገዱ እስኪያልቅ» አለ ሻጩ፣ ከንፈሩን መሸፈን ረስቶ።

የወንበሯን ቆዳ መረጠ። ቆዳው የሚሰፋበትን ክር ቀለም መረጠ። ከዚያ ክረምት ወጥቶ በጋ እስኪገባ ጠበቃት። በመጨረሻ ስትመጣ ግን መንገዱ አልመጣም። ከቤቱ እስከ ክሊኒኩ ያለው አስፋልት ሁሉ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ነው። ሆዷ እንዳይፋቅ እያንዳንዷን ጉብታ በሰያፍ ይወጣል፣ በሰያፍ ይወርዳል፤ እንደ ታመመ ሰው ይዟት ይሄዳል። አንድ ጊዜ ጋሪ የሚገፋ ሰው አልፎት ሄደና ዞር ብሎ፣ «ዶክተር፣ ልግፋልህ እንዴ?» አለው።

ክሊኒኩን ያቋቋሙት አባቱ ናቸው። እሳቸውም የጥርስ ሐኪም ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ወጥተው ከታላቅ እህቱ ጋር ይኖራሉ። እህቱን እታለም ነው የሚላት። ነርስ ናት፤ ድሮ ከአባታቸው፣ አሁን ከእሱ ጎን ቆማ የምትሠራ እሷ ናት።

አባታቸው በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት ደንብ ተክለው ነው የወጡት። የመጀመሪያው የወንበሩ ነው። ሐኪምና ታካሚ ፊት ለፊት ሲተያዩ የአንዱ ቀኝ የሌላው ግራ ነው፤ በዚህ ስንት ደህና ጥርስ ተነቅሏል ብለው አባታቸው አጥብቀው ይፈሩ ነበር። ስለዚህ ወንበሩን መስኮቱ በታካሚው ቀኝ፣ ግድግዳው በታካሚው ግራ እንዲሆን አድርገው አስተከሉትና ቀኝና ግራ የሚባለውን ነገር ከክፍሉ አባረሩት። ጥርስ ወይ የመስኮቱ በኩል ነው፣ ወይ የግድግዳው በኩል። ደንበኞችም ለምደውት በስልክ ሳይቀር «የግድግዳው በኩል ነው የሚጠዘጥዘኝ» ይላሉ። ነገሩ ቤት ድረስ ገብቶ፣ ልጆች ሳሉ እናታቸው «የመስኮት ጫማህ ክሩ ተፈቷል» ትለው ነበር፤ ሜዳ መሐል ቆመው፣ መስኮት በሌለበት።

ሁለተኛው ደንብ የእጅ ነው። አፉን ከፍቶ የተኛ ሰው መናገር አይችልም፤ ስለዚህ እጁን ያነሳል። እጅ ከተነሳ ሁሉም ነገር ይቆማል። ለምን ተነሳ አይባልም። ይቆማል።

በአባቱ አተካከል ሐኪሙ ሲሠራ ጀርባው ለመስኮቱ ነው። መስኮቱ የሚያሳየው ግቢውን ነው፤ ግቢው ውስጥ ያለችው ደግሞ እሷ ናት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እየተነሳ ያያት ነበር። አንዲት ሴትዮ አፏ ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቆ ወጥቶ ሲመለስ፣ ሴትዮዋ በዓይኗ ብቻ ሰደበችው። ከዚያ በኋላ ባለሙያ አስጠርቶ የወንበሩን ብሎኖች አስፈታና ራስጌውን ወደ ግርጌ አስዞረው። አሁን ታካሚው ላይ ሲያጎነብስ፣ ከታካሚው ጉንጭ ባሻገር መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ባሻገር የመኪናዋ ጥቁር ጣሪያ ይታየዋል።

«ለብርሃን ነው» አለ።

እታለም እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ወንበሩን አየችው። «እና አሁን መስኮቱ በየት በኩል ነው?»

«በታካሚው ግራ።»

«ግድግዳውስ?»

«በቀኝ። ምን አለበት እታለም፣ ከእንግዲህ እንደ ሰው ሁሉ ቀኝና ግራ እንላለን።»

«አንተ እሺ አልክ። እጅህስ? እጅህ ሰምቷል?»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

አንድ ነገር ነበር ሐኪሙን ከመኪናዋ በፊትም የማያስተኛው። አባቱ ክሊኒኩን አስረክበውታል። ቁልፉን ሰጥተውታል፣ ደንበኞቻቸውን ሰጥተውታል፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰዓት ሳይቀር ትተውለታል። አፋቸውን ግን ሰጥተውት አያውቁም። ጥርሳቸውን በታመሙ ቁጥር ከተማውን አቋርጠው አንድ የድሮ ጓደኛቸው ዘንድ ይሄዳሉ። ለምን ብሎ ጠይቆ አያውቅም፤ መልሱን ፈራው። ሰው ሁሉ «እጁ ቀላል ነው፣ አያሳምምም» ይለዋል። እሱ የሚፈልገው ያንን ከአንድ አፍ ብቻ መስማት ነው።

መኪናዋን ያሳያቸው ጊዜም እንዲሁ ነበር። ከበር ወጥተው፣ እሱ የሻጩን «መንገዱ እስኪያልቅ» ሳይቀር ሲነግራቸው፣ ዞሯት። አንድ ነገር ይሉ ይሆን ብሎ ሲጠብቅ፣ «ዣንጥላ የት ታስቀምጣለህ?» ብለው ገቡ።

እና አንድ ማለዳ ስልኩ ጠራ።

«ጥርሴን አሞኛል» አሉ አባቱ፣ ሰላምታ ሳያስቀድሙ።

«የትኛውን?»

«የመስኮቱ በኩል፣ ታች፣ የመጨረሻው መንጋጋ። የተሞላው። መነቀል አለበት፣ አብቅቶለታል።»

«ጓደኛዎ...»

«ዓይኑን ታሟል፣ ሥራ ትቷል። ደግሞ ለምን ጓደኛዬ? ልጅህ ጥርስ ሐኪም ነው ሲሉኝ ሰማሁ።»

ስልኩን ዘግቶ እዚያው ቆመ። ሚስቱ ፊቱን አይታ ሰው የሞተ መስሏት ደነገጠች። ሲነግራት እጁን ያዘችው፤ ስንት ዓመት እንደጠበቀ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

«እንግዲያው ዛሬ ስማኝ፣» አለችው፣ «ጣውንቴን እዚሁ ተዋት። በአሮጌዋ ሂድ።»

«እሷ ደግሞ ምን አደረገች?»

«እሷማ ምንም አላደረገች።»

ይዟት ሄደ። አባቱ ከመስኮቱ እንዲያዩዋት ፈልጎ ነበር፤ ምናልባት ዛሬ ከዣንጥላ ሌላ የሚሉት ነገር ይኖር ይሆናል።

አባቱ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው መጡ። በሩ ላይ ቆሙ።

«ወንበሩን ማን አዞረው?»

«ብርሃን እንዲገባ ብዬ ነው፣ አባባ።»

እታለም አሳላት። አባቱ ከወንበሩ በላይ የተንጠለጠለውን ትልቅ መብራት አዩ፣ መስኮቱን አዩ፣ በመስኮቱ ግቢውን አዩ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። እታለም ደረታቸው ላይ የወረቀት መሸፈኛውን አሰረችላቸው።

«ራጅ እናንሳ» አለ ሐኪሙ።

«የገዛ ጥርሴን አላውቀውም? አፌን ከፍቼ ላረጅ ነው? በል ቶሎ በል።»

አጎነበሰ። የአባቱን አፍ እንዲህ ከቅርብ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። በሁለቱም በኩል፣ በታች፣ የመጨረሻዎቹ መንጋጋዎች በአንድ እጅ የተሞሉ፣ የጠቆሩ፣ መንታ የሚመስሉ ነበሩ። ገና በመስታወቱ ሊመረምራቸው ሲል ዓይኑ ከአባቱ ጉንጭ አልፎ ሄደ።

ግቢ ውስጥ አንድ ወፍራም ሰውዬ ጀርባውን ለመኪናዋ ሰጥቶ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ ራሱን ፎቶ ያነሳል። ጀርባውን ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ትንሽ ፎቀቅ፣ ትንሽ ፎቀቅ እያለ ኮፈኗ ላይ ሊቀመጥ ነው። ከወገቡ ትልቅ የቁልፍ ቀለበት ተንጠልጥሏል።

ሐኪሙ መርፌውን ከእታለም እጅ ተቀበለ። የመስኮቱ በኩል፣ ታች፣ የመጨረሻው። እጁ ወደ መስኮቱ በኩል ሄደ። አባቱ ቀኝ እጃቸውን አነሱ።

«አይዞዎት አባባ፣ አይዞዎት፣» አለና የተነሳውን እጅ በክርኑ ገፋ አድርጎ ወደ ወንበሩ መደገፊያ መለሰው። ለማንኛውም ሽማግሌ እንደሚለው፣ በዚያው ድምፅ። «ወንድሜ!» አለች እታለም፤ መርፌው ገብቶ ነበር።

ማደንዘዣው አልቆ መርፌውን ሲያወጣ ቀና አለ፣ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ መስታወቱን አንኳኳ። ሰውዬው ደንግጦ ብድግ አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀ፣ ሄደ። ኮፈኑ ላይ ከዚህ የሚታይ ጭረት የለም። ሐኪሙ ተነፈሰ።

ሲዞር እታለም እሱን አይደለም የምታየው። አባቱን ነው። አባቱ አፋቸውን በቀስታ ዘግተዋል። በመስኮቱ በኩል ያለው ከንፈራቸው መውረድ ጀምሯል። እጃቸው አሁንም ከመደገፊያው ትንሽ ከፍ እንዳለ ነው።

ነገሩ እስኪገባው ጊዜ ወሰደበት። ወንበሩን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ እጁን አየ።

«የመስኮቱ በኩል ብለውኝ ነበር እኮ» አለ፣ ለራሱም በሚያሳፍረው ድምፅ።

«እኔ ያልኩህ» አሉ አባቱ፣ ቃሉ ከደነዘዘው ከንፈራቸው እየተንሸራተተ፣ «እኔ ትቼልህ የሄድኩትን መስኮት ነው።» ቆዩና ጨመሩ። «እሱስ ይሁን። እጄን አንስቼ ነበር።»

በዚያ ክፍል ውስጥ ከዚህ የከፋ ነገር ሊባል አይችልም። ሐኪሙ ለዚህ ቀን ዕድሜውን ሙሉ ጠብቆ፣ ቀኑ ሲመጣ አባቱን እንደ መንገደኛ አይዞዎት ብሎ እጃቸውን አስቀምጧል።

«አሁን በሌላው በኩል መውጋት አንችልም» አለች እታለም በለሆሳስ። «ሁለቱም ከደነዘዙ ምላሳቸውን ያኝካሉ። ይሄኛው እስኪለቃቸው መጠበቅ ነው።»

አባቱ ከወንበሩ ወረዱ። አሁን ሊሄዱ ነው ብሎ አሰበ፤ ከተማውን አቋርጠው ዓይኑን ወደታመመው ጓደኛቸው ቢሄዱ እንኳ ይሻላቸዋል። አባቱ ግን መስኮቱ ጋ ሄደው ቆሙ፣ ወረቀቱ ደረታቸው ላይ እንደታሰረ።

«እስኪለቀኝ ድረስ ግድግዳ ላይ አላፈጥም» አሉ። «ያችን ነገር አስነሳት። ምን ይዛ እንደሆነ እንዲህ የምታስሮጥህ፣ ልያት።»

አባቱን ማስገባት ራሱ ሥራ ነበር። መጀመሪያ እግር ገባ፣ ወጣ፤ ከዚያ ወገብ ገባ፣ ጭንቅላት ቀረ። «ሰው ነው ወይስ ዣንጥላ ነው የሚታጠፍባት?» አሉ አባቱ ከውስጥ። እታለም በሩን ስትዘጋ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች።

ግቢውን እንደወጡ ጉብታዎቹ መጡ። መኪናዋ ደንዳና ናት፤ መሬት ላይ ያለችውን ጠጠር ሳይቀር ለወንበሩ ትናገራለች። በእያንዳንዱ ጉብታ አባቱ የታመመውን ጉንጫቸውን በእጃቸው ይይዛሉ። ጥርሱ አልደነዘዘም፤ የደነዘዘው ደህናው ነው። ሐኪሙ ጉብታ ባየ ቁጥር ይሳቀቃል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ መኪናዋ ሆድ አይደለም።

«አባባ፣ እንመለስ?»

«ሂድ።»

ከከተማው ሲወጡ መንገዱ ሰፋ፣ ጉብታው አለቀ፣ ሰውም ቤትም ቀነሰ። ይህን መንገድ ያውቀዋል። ብቻውን መጥቶበት ያውቃል፣ ግን አንድም ቀን እስከ መጨረሻው አልሄደም። ትንሽ እንደነዳ የሆነ ድምፅ የሰማ ይመስለዋል፣ ወይ ክሊኒኩ ያሰጋዋል፣ ወይ ቤት፤ ይመለሳል። ቤት ሲሆን መንገዱ ያምረዋል፣ መንገዱ ላይ ሲሆን ቤት።

«ለምንድነው እስከ ዛሬ ወደ እኔ ያልመጡት?» አለ በድንገት፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።

አባቱ ምራቃቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «እጅህ ቀላል ነው ይሉኛል፤ አውቃለሁ። እኔ ስሆን ግን ይንቀጠቀጣል ብዬ ፈራሁ። አባት ነኛ።» ከዚያ ግማሽ ፊታቸው ብቻ ፈገግ አለ። «ሳይንቀጠቀጥ ቀረ። ጭራሽ መኖሬንም ረሳኸው።»

ሐኪሙ ለመሳቅም ለማልቀስም አልመች አለው። መንገዱ ፊቱ ተዘርግቷል፣ ባዶ ነው። እግሩን ጫነ። ሞተሯ ከጀርባቸው ስትነሳ ሁለቱንም ወንበሩ ላይ ለጠፈቻቸው፤ ዛፎቹ ግድግዳ ሆኑ። የአባቱ ደረት ላይ ያለው ወረቀት በመስኮቱ ነፋስ ብድግ ብሎ ፊታቸውን መታ። ያ ድምፅ እንደገና በአከርካሪው ወጣ።

አባቱ እጃቸውን አነሱ።

ሐኪሙ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ፣ ፍሬን ያዘ፣ ወደ ዳር ወጣ፣ አቆመ። ሞተሯንም አጠፋት። ጸጥ አለ።

«ምን ሆኑ? አመመዎት? ምላስዎን ነከሱት?»

«ምንም አልሆንኩም» አሉ አባቱ፣ እጃቸውን ቀስ ብለው አውርደው። «ትቆም እንደሆነ ለማየት ነው።»

ሐኪሙ መሪውን እንደያዘ ተቀመጠ። የሞቀው ሞተር ከኋላቸው ቲክ፣ ቲክ እያለ ይቀዘቅዛል። ለወትሮው ይህን ድምፅ ሲሰማ ወርዶ ያያት ነበር።

«በል አሁን ሂድ» አሉ አባቱ። «ሻጩ መንገዱ እስኪያልቅ ነው ያለህ አይደል? የት እንደሚያልቅ አሳየኝ።»

ሲመለሱ ጥላው ረዝሟል። የአባቱ ከንፈር ተመልሶ ነበር፤ ጥርሱ ደግሞ ብሶበታል። እታለም የመንገዱን ነገር አልጠየቀችም። ሐኪሙም የብሎን መፍቻ ፈልጎ አመጣና መሬት ላይ ተንበረከከ። እሷ በአንድ በኩል፣ እሱ በሌላ በኩል ሆነው ወንበሩን እያለከለኩ ሲገፉ፣ አባቱ ጉንጫቸውን ይዘው ከጥግ ያዝዟቸዋል።

«ትንሽ ወደ መስኮቱ።»

«የቱ መስኮት?» አለች እታለም።

«አንድ መስኮት እኮ ነው ያለን፣ ልጄ!»

ብሎኖቹን ሲያጠብቅ የድሮዎቹ ቀዳዳዎች እዚያው ነበሩ፤ ብሎኖቹ እንደ ለመዱት ቤት ገቡ።

አሁን ተቀመጠ። ጀርባው ለመስኮቱ ነው። ትከሻው መሐል አንድ የሚያሳክክ ነገር አለ፣ ዙር ዙር የሚለው። በዚህ ጊዜ ራጁን አነሳ፣ አየው፣ ጥርሱን በመሣሪያው ጫፍ ነክቶ «ይሄ ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ አባቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወጋ። ጠበቀ። ጉጠቱን አነሳ።

ጥርሱን ይዞ ወዲህ ወዲያ ማለት ሲጀምር የመኪናዋ አላርም ጮኸ።

ጩኸቱ ግቢውን ሞላው፣ ክፍሉ ውስጥ ገባ። አንገቱ በራሱ ሊዞር ሲል ተሰማው፤ ቁልፉ ሱሪው ኪስ ውስጥ ነው። እታለም አየችው። አባቱ አፋቸውን ከፍተው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው ተኝተዋል፤ እሳቸው ከእሱ ትከሻ በላይ ግቢውን ማየት ይችላሉ። ሐኪሙ የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መደገፊያው ላይ ያረፈውን የአባቱን እጅ። የሽማግሌ እጅ ነው፣ ጅማቱ የወጣ፣ ጥፍሩ በወግ የተቆረጠ። እጁ አልተነሳም። አላርሙ ይጮሃል፣ እጁ አይነሳም። ጥርሱ ላላ፣ ዞረ፣ ወጣ።

አላርሙ በራሱ ጊዜ ዝም አለ።

«አዩት?» አላቸው ደም የሚይዘውን ጎዝ አስነክሷቸው ሲያበቃ፣ ላቡ ግንባሩ ላይ ሆኖ። «ምን ነክቷት ነው?»

አባቱ ትከሻቸውን ሰበቁ።

«ምን ያያሉ?» አለች እታለም። «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።»

አባቱ በጎዙ ውስጥ የሆነ ነገር አጉረመረሙ። እታለም ጆሮዋን አስጠግታ ሰማችና ቀና አለች።

«ቀላል ነው ይላሉ» አለች። «እጅህ።»

ሐኪሙ ወደ መታጠቢያው ዞሮ እጁን ታጠበ፤ ጣት በጣት፣ ከሚገባው በላይ። እታለም ሻይ ይዛ መጣች፣ ከጎኑ አስቀመጠችለት። የራሱ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አንዴ ፉት አለ። ግቢ ውስጥ የሆነ ነገር ተንኳኳ፤ ድመት ይሆናል፣ ወይ ደግሞ ያ ባለ ቁልፉ ሰውዬ ተመልሶ ይሆናል። ስኒውን አስቀምጦ ተነሳ። ወደ መስኮቱ ግማሽ መንገድ ደርሶ ነበር፣ አባቱ እጃቸውን ሲያነሱ።

ቆመ።

አባቱ በጣታቸው ስኒውን አመለከቱት።

ተመልሶ ተቀመጠና ጠጣው። ለካስ ሻይ ትኩስ ነው፤ ምላሱን አቃጠለው።